በብርድ ልብስ የተጠቀለለው ድስት

ሥራዬ የሰው ስሕተት መልቀም ነው። በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ የሌላ ሰው ዓይን ያለፈውን ፊደል አድናለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ሰውን ነገረኛ ያደርጋል ይባላል። እኔን ያደረገኝ ግን ጠያቂ ነው። አንድ ነገር ከቦታው ውጭ ሆኖ ካየሁ ምክንያቱን ሳላገኝ እህል አይወርድልኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ «ይህ ሰው በሰው ጓዳ ምን አገባው?» ብሎ እንዳይታዘበኝ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቤቴ የተከመረውን የእርማት ወረቀት ተሸክሜ መንገዳችን ጫፍ ላይ ወዳለው የቆሻሻ ገንዳ ሄድኩ። ከፊቴ ጎረቤቴ እማማ ትሪ ቀስ እያሉ ይራመዳሉ። እማማ ትሪ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ወጥ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው በዋና ወጥ ሠሪነት ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ሰፈሩ ይህን ስም ያወጣላቸው ሳህኑንም፣ ጎድጓዳውንም፣ የልጅ ኩባያውንም ሁሉ «ትሪ» ስለሚሉ ነው። ስሙን ያውቁታል፤ አይከፋቸውም።

በእጃቸው እሽግ ይዘዋል። በጋዜጣ ተጠቅልሏል፤ በሲባጎ ቁልቁልም አግድምም ታስሮ ጫፉ ላይ በሥርዓት ተቋጥሯል። ወደ ገንዳ የሚሄድ ነገር እንዲህ ሲሞሸር አይቼ አላውቅም። ሰው ቆሻሻን ይጥላል እንጂ አያሽግም። ጠጋ ብዬ ልያዝልዎት አልኳቸው። ቀላል ነው ብለው እምቢ አሉ፤ ቀላል አለመሆኑን ግን ያዘመመው ትከሻቸው ይናገር ነበር።

ገንዳው ጋ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን የእሽጉ ሥር ረጥቦ ኖሮ ተቀደደ። ነጭ ሩዝ፣ በካሮት የተሠራ ድንች፣ ግማሽ ዳቦ መሬት ላይ ተዘረገፈ። አጎንብሼ ሳየው ምግቡ አልተበላሸም፤ አልሸተተም። ልክ አሁን ከድስት የወጣ ይመስላል። ጋዜጣው ደግሞ እኔ ራሴ ያረምኩት ገጽ ነበር። ለሦስት ቀን ዓይኔን ያፈሰስኩበት አርዕስት ከሩዙ ሥር ያየኛል። ያም ሆኖ ስሕተት አልነበረበትም።

እማማ ትሪ ግራና ቀኝ ተመለከቱ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ለምራቴ እንዳትነግር። ካወቀች ጓዳውን ትቀማኛለች» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በቤቱ የሚኖሩት አራት ሰዎች ናቸው፤ እሳቸው፣ የጭነት መኪና ሾፌር የሆነው ልጃቸው፣ በውኃ መመርመሪያ ላቦራቶሪ የምትሠራው ምራታቸውና አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ። ለወር ተብሎ የሚገዛው ሩዝ በአሥራ አምስት ቀን ያልቃል። ድንቹም፣ ዳቦውም እንዲሁ ነው። ምራታቸው ጓዳ ገብታ ስትፈልግ የቀረ ነገር አታገኝም። ባልና ሚስት ተመካክረው እናታችን አርጅተዋል፣ ቁጥር ጠፍቶባቸዋል፣ ለስንት ሰው እንደሚሠሩ ይረሳሉ ብለው ደምድመዋል። ልጁ አሁን ከሄደበት መንገድ ሲመለስ ምግብ የሚሠራ ሰው ሊቀጥር፣ እናቱንም «ይረፉ» ሊል ቆርጧል።

«ያረጀን ሰው ይረፍ ይሉታል» አሉ እማማ ትሪ፣ ሩዙን በእጃቸው እየሰበሰቡ። «ከእንግዲህ አትፈለግም ማለት ነው።»

ምግቡ ደኅና ሆኖ ሳለ ለምን እንደሚጣል ጠየቅኳቸው። የመለሱልኝ በሁለት ቃል ነበር፤ «ትሪው ተመልሷል።» ይህን ብለው ሄዱ። እኔም ነገሩን ሆድ ይፍጀው አልኩ። ሆዴ ግን እንዲህ ያለ ነገር መፍጀት አይሆንለትም።

በማግሥቱ እሑድ ጠዋት ምራታቸው ደጄ ላይ አገኘችኝ። ትሑት ልጅ ናት፤ ጋሼ ብላ ነው የምትጠራኝ። እማማ እየረሱ ሳይሆን አይቀርም፣ እኛ አብረን ስለምንውል ላይታየን ይችላልና ምሳ ከእኛ ጋር ይብሉ፣ በእንግዳ ዓይን ይዩልን አለችኝ። እሺ ብዬ ገና በሩን ሳልዘጋ ደግሞ እማማ ትሪ በአጥሩ በኩል ጠሩኝና ለምሳ ጋበዙኝ። የሳቸው ግብዣ አፌን ለማሸግ እንደሆነ ገባኝ። እንግዲህ በአንድ ማዕድ ላይ አንዷ እንዳይ፣ አንዷ እንዳላይ ጋብዘውኛል ማለት ነው።

ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ግን አንድ ማንኪያ እንኳ ከቦታው ውጭ አይገኝም። ከምድጃው በላይ ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤታቸው የሸለማቸው ጭልፋ ተሰቅሏል። የጭልፋ አባት ነው፤ አንድ ጊዜ ቢጠልቅ ለአራት ሰው የሚበቃ ያወጣል። እማማ ትሪ ጥሬውን ሩዝ የሚሰፍሩት በዚህ ነው። የሆስፒታሉ ልክ «ለአንድ ክፍል ሦስት ጭልፋ» ነበርና ለቤታቸውም ሦስት ይሰፍራሉ። ይህን ሳይ መርሳት የሚባለው ነገር እንደሌለ ጠረጠርኩ። ሴትዮዋ የረሱት ነገር የለም፤ እንዲያውም የሆስፒታሉን ልክ መርሳት ነው ያቃታቸው።

ምሳው ሩዝ፣ ድንች በካሮትና የጎመን ሾርባ ነበር። ጣፋጭ ነው፤ ሁለት ጊዜ ጨመርኩ። እንዲያም ሆኖ የሩዙ ድስት ከግማሽ በላይ ቀረ። ምራታቸው ክዳን ያለው ዕቃ ይዛ ብድግ ስትል እማማ ትሪም እኩል ተነሡና ድስቱን በሁለት ጆሮው ከሁለቱ ወገን ያዙት። ትንሿ ልጅ መብላቷን ትታ ታያቸዋለች። እኔ ጣሪያውን ማየት ጀመርኩ።

«እማማ፣ ይህ እኮ ለነገ ምሳ ይበቃል» አለች ምራታቸው።

«አይሆንም፤ እኔ አነሣዋለሁ።»

«የት ነው የሚያነሡት? እስከ ዛሬስ የት ነው ሲያነሡት የኖሩት?»

ምራታቸው ወደ እኔ ዞረች። እኔ ጣሪያው ላይ የሌለ ስንጥቅ ስመረምር አየችና ሁሉም ነገር ገባት። እማማ ትሪ «ነገርካት?» አሉኝ። «እሳቸው ምንም አላሉኝም፤ ዓይናቸው ነው የነገረኝ» ብላ አዳነችኝ።

ከዚያ በኋላ የተባለውን እንደ ወረደ እጽፋለሁ፤ ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና።

«እማማ፣ ይህ ሩዝ ምን ሆኗል? ሽታው ተለወጠ?»

«ምንም አልሆነም። ተመልሷል።»

«ከየት?»

«ከማዕድ ነዋ። ወደ በሽተኛ ክፍል የወጣ ትሪ ተመልሶ ወጥ ቤት አይገባም። ሠላሳ አንድ ዓመት የኖርኩበት ሕግ ነው። አንቺ ሳትወለጂ ጀምሬ የማውቀውን ዛሬ ልታስረሺኝ ነው?»

«ሕጉስ ትክክል ነው። እኔም ብሆን ከበሽተኛ አልጋ የተመለሰ ምግብ ወጥ ቤት አላስገባም። ግን ከሳህን የተመለሰና በድስት የቀረ አንድ ነው? ይህን ድስት የነካው የእርስዎ ጭልፋ ብቻ ነው። እዚህ ቤት ደግሞ በሽተኛ የለም።»

እማማ ትሪ ወደ እኔ ዞረው፣ ፊደል የቆጠርክ ነህና ፍረድ አሉኝ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ አልኩ። እንዲህ ያለ ፍርድ ከየትም እንደማያደርስ አውቃለሁ፤ ግን የሁለቱንም ሩዝ በልቻለሁ።

ምራታቸው አሁን ሞቅ አላት። ይህን ሩዝ ያበቀለው ሰው ጀርባውን ፀሐይ አቃጥሎታል፤ የተቀቀለበትን ውኃ አጣርቶ እዚህ ለማድረስ ስንት ሰው ይደክማል፤ ይህን ሁሉ ልፋት በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣል ነውር አይደለም ወይ አለች። የተናገረችው ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ወቀሳ ሆኖ ስለወጣ የእማማ ትሪ ፊት እንደ በር ተዘጋ።

«እህል ክቡር መሆኑን ለእኔ ታስተምሪኛለሽ?» አሉ ቀስ ብለው። «ስጥለው ሆዴን የማይበላኝ መሰለሽ? ለምን በሲባጎ እንደማስረው ታውቂያለሽ? ሬሳም እኮ ተከፍኖ ነው የሚቀበረው።»

እኔም የእሽጉን ምሥጢር ያኔ አገኘሁ። ለካ ሴትዮዋ ምግብን ንቀው አልነበረም የሚጥሉት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። የውኃ መርማሪዋ ይህን ተረት ከሁላችን በላይ ማወቅ አለባት፤ አወቀችም። ድስቱን ለቀቀች፤ ወንበሯን ስባ ከአማቷ አጠገብ ተቀመጠች። ድምፅዋም ተለወጠ። መውቀሷን ትታ መጠየቅ ጀመረች።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሳህኑ ገብቶኛል። የድስቱን ግን ማን ከለከለዎት? የሆስፒታሉ ሕግ ነው ወይስ የእርስዎ?»

እማማ ትሪ ትንሿን ልጅ ውጭ ተጫወቺ ብለው ላኳት። ከዚያ ለማንም ነግረውት የማያውቁትን ነገሩን።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። አንድ ቀን ከምሳ ብዙ ሩዝ ተረፈ፤ የማንም እጅ ያልነካው፣ በትልቁ ድስት የቀረ። በሆስፒታሉ ልብስ የሚያጥቡት ዘጠኝ ሴቶች ገና ጎህ ሲቀድ ባዶ ሆዳቸውን ነበር የሚገቡት። እማማ ትሪ ለእነሱ አሰቡ። ሩዙን አስቀመጡላቸው፤ በማግሥቱ ማልደው ገብተው አፍልተው አበሏቸው። እኩለ ቀን ሳይሆን ዘጠኙም ትውከት በትውከት ሆኑ። ከመካከላቸው አንዷ የእማማ ትሪ የልብ ጓደኛ ነበረች፤ ሦስት ቀን ክንዷ ላይ መርፌ ተሰክቶ ተኛች። ሁሉም ዳኑ።

«ውኃው ነው ተባለ» አሉ እማማ ትሪ። «ማጠራቀሚያው ታጠበ። የውኃ ሠራተኛው ተገሠጸ፤ ልጆች የነበሩት ሰው ነው። እኔ አፌን ይዤ ቆሜ አየሁ። ጓደኛዬ ድና ስትመጣ ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ስትጠራኝ ሥራ አለኝ፣ ስትመጣ የለሁም እያልኩ ራቅኳት። ዋና ወጥ ሠሪ ሆና ኮራች ብላለች አሉ። ይበለኝ። ከዚያ ወዲህ የተረፈ ምግብ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። አፍልቼው ነበር እኮ፤ እስኪንተከተክ ነው ያፈላሁት። ያን ያህል ፈልቶ ካልዳነ የተረፈ ነገር ራሱ ክፉ ነው ማለት ነው።»

አዘንኩላቸው፤ የውኃ ሠራተኛውም አሳዘነኝ። ምራታቸው ግን ዓይኗ በርቶ ነበር። የጭካኔ አልነበረም። እኔ አንድ ፊደል ከቦታዋ ወጥታ ሳይ የሚሰማኝ ዓይነት ነው።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ማታ ሲሄዱ ሩዙን እንዴት አድርገው ነበር ያስቀመጡት?»

«ከነድስቱ ነዋ። ክዳኑን ገጥሜ፣ እንዳይበርድ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ።»

«በብርድ ልብስ?»

«በድርብ። ጠዋት ቶሎ እንዲሞቅላቸው ብዬ።»

ምራታቸው ተነሥታ ቆመች። ለአፍታ የሆነ ነገር ልትናገር ከፈለገች በኋላ ተወችው፤ ይህን ከሰው አፍ የሰሙ እንደሆነ አያምኑም ብላ አስባ እንደነበር ኋላ ነገረችኝ። በዚያ ፈንታ፣ «ዛሬ ይህን ድስት አንጥለውም፤ አንበላውምም። እንጠይቀዋለን» አለች።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ግማሹን ሩዝ በድስቱ ውስጥ ትታ ክዳኑን ገጠመችና አማቷን ብርድ ልብስ አምጥተው ራሳቸው ያኔ እንደጠቀለሉት እንዲጠቀልሉ ለመነቻቸው። ሌላውን ግማሽ በሰፊ ትሪ ላይ እንደ ወረቀት አሳስታ ዘረጋችና መስኮቱ ሥር አኖረችው። እኔ ሰዓት ያዥ ሆኜ ተሾምኩ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ የትሪው ሩዝ ቀዘቀዘ። እማማ ትሪ በእጃቸው ጀርባ ነክተው አረጋገጡ፤ ልጅቱ ክዳን ባለው ዕቃ አድርጋ ፍሪጅ ከተተችው። ድስቱ ግን አልተነካም። ጨዋታ አመጣን፤ ስለ ማተሚያ ቤት ቀለም፣ ስለ ጉድጓድ ውኃ፣ ስለ ሾፌሩ መንገድ አወራን። የሁላችንም ዓይን ግን ጥግ ላይ እንደ ታመመ ሰው ተጠቅልሎ ከተቀመጠው ድስት ላይ አልተነሣም።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ብርድ ልብሱ ተፈታ። ልጅቱ ሙቀት መለኪያ አዘጋጅታ ነበር፤ እማማ ትሪ ግን በእጃቸው ከለከሏትና እጅጌያቸውን ሰብስበው ጣቶቻቸውን እስከ ሩዙ መሐል አስገቡ። እዚያው አቆዩአቸው።

«ለብ ብሏል» አሉ። «ሕፃን የሚታጠብበት ውኃ ያህል ነው።»

መለኪያው አርባ ሁለት ዲግሪ አለ።

«ይህ የአንድ ቤት ትንሽ ድስት ነው፤ አራት ሰዓት ቆይቶ ገና አልበረደም» አለች ልጅቱ። «የሆስፒታሉ ድስት ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ለብ እንዳለ ነው ያደረው። ሩዝ ውስጥ አንዳንድ ጊዜ በፈላ ውኃ የማይሞት ጀርም አለ፤ ሲፈላበት ይተኛል፣ ለብ ሲል ይነቃና ይራባል። ሲራባ መርዝ ይተዋል። መርዙን ደግሞ መልሰው ቢያፈሉት አይጠፋም። የእርስዎ ማፍላት ያልጠቀመው ለዚህ ነው። ይህኛው በትሪ ተዘርግቶ የበረደው ግን ጀርሙ የሚነቃበት ጊዜ አላገኘም።»

እማማ ትሪ እጃቸውን ከድስቱ አላወጡም። ፊታቸውን አየሁት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተሸከሙትን ነገር መልሰው መላልሰው እያገላበጡት ነበር።

«የተረፈው አይደለም እንግዲህ የጎዳቸው» አሉ።

«አይደለም፣ እማማ።»

«ብርድ ልብሱ ነው።»

«ሙቀቱ ነው።»

«እንዳይበርድባቸው ብዬ ነበር እኮ» አሉና አለቀሱ። ምራታቸው ሩዝ የነካ እጃቸውን ይዛ አብራቸው አለቀሰች። ከዚያ እሷም የራሷን አወጣች፤ ቁጥር ጠፍቶባቸዋል ብዬ ከልጅዎ ጋር የተማከርኩት እኔ ነኝ፣ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጬ አልጠየቅኩዎትም አለች። እኔ ሰዓቴን ለሁለተኛ ጊዜ አየሁ፤ ሌላ የማየው ነገር አልነበረኝም።

አንባቢ ነገሩ እዚህ ያለቀ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን የቆየ ልማድ እንዲህ በአንድ ቀን ምስክር እጁን አይሰጥም። እማማ ትሪ እንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ፣ እሺ መርዝነቱ ይቅር፣ የትናንት ምግብ ለእንግዳ ማቅረብስ ውርደት አይደለም ወይ አሉ። ልጅቱ ወደ እኔ ተመለከተች። እንግዳው እኔ ነበርኩ። ነገ መጥቼ ያንን ፍሪጅ የገባውን ሩዝ እበላለሁ አልኩ። ደፋር ሆኜ አይደለም፤ ስለ ዘጠኙ ሴቶች ከሰማሁ ገና ጥቂት ሰዓት ነው፤ ግን ከአፌ ወጣ።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ማተሚያ ቤቱን አስፈቅጄ መጣሁ። እማማ ትሪ ሩዙን በሽንኩርትና በእንቁላል፣ ቀድሞ የሚጥሉትን የጎመን አንጓ ደቃቅ አድርገው ከትፈው ጨምረው፣ እንፋሎቱ እስኪትጎለጎል ጠብሰውታል። ሳህኑን ፊቴ አኖሩና ከአጠገቤ ቆሙ። አንድ ጊዜ ቀመስኩ፤ ከዚያ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ቀና አላልኩም። የእሑዱ ጥሩ ነበር፤ ይህኛው ይበልጣል። ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ በአጥሩ በኩል ሦስት ጊዜ ጠሩኝና «ሆድህ እንዴት ነው?» አሉኝ። በሦስተኛው ጊዜ ሆዴ ሌላ ሳህን ይፈልጋል ብዬ መለስኩላቸው። ያን ጊዜ ሲስቁ ሰማሁ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ወጥ ቤቱ አዲስ ሕግ ወጣለት። ሕጉን ያወጡት እማማ ትሪ ናቸው፤ ምራታቸው የጀርሙን ጠባይ ነገረቻቸው እንጂ ማዘዝ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ከሰው ሳህን የቀረ አይመለስም፤ በድስት የቀረ ግን ምግብ ነው። ሳይውል ሳያድር በሰፊ ትሪ ተዘርግቶ ይበርዳል፣ ሰዓት ሳያልፍ ፍሪጅ ይገባል። ሩዝ በማግሥቱ ይበላል፤ ከዚያ አያልፍም። አንድ ጊዜ ብቻ ይሞቃል፤ ሲሞቅም እስኪያቃጥል ነው። በየዕቃው ላይ ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት ይለጠፋል፤ ወረቀቱን የማመጣው እኔ ነኝ፣ ከማተሚያ ቤት ቁርጥራጭ።

የተማረችውም አልዳነችም። አንድ ቀን እማማ ትሪ ፍሪጁን ከፍተው ከኋላ ተደብቆ የሻገተ አይብና ጢም ያወጣ ቲማቲም አገኙ። ምራታቸው ዛሬ እበላዋለሁ፣ ነገ እበላዋለሁ እያለች የረሳችው ነው። «እኔ ከፍኜ ነው የምቀብረው፤ አንቺ ሳትከፍኚ» አሏት። ከዚያ ወዲህ ቀደም ብሎ የገባ ዕቃ ከፊት፣ አዲሱ ከኋላ ይቀመጣል። ልጅቱም ማቀዝቀዣ መግዛት ብቻውን ቆጣቢ እንደማያደርግ አምናለች።

ትልቁ ጭልፋ ለጌጥ ተሰቅሎ ቀረ፤ ሩዙ በተራ ኩባያ ይሰፈራል። የደረቀው ዳቦ ተፈርፍሮ የድንች ጥብስ ማልበሻ ሆኗል። የካሮት ጫፍና የሽንኩርት ልጣጭ ታጥቦ የሾርባ ውኃ ያጣፍጣል። የማይበላው ልጣጭና የእንቁላል ቅርፊት ከደረቅ ቅጠል ጋር በተሰነጠቀ በርሜል ገብቶ አፈር ይሆናል፤ ትንሿ ልጅ በዚያ አፈር ላይ ጎመን ተክላ በየቀኑ ትለካዋለች። የወሩ ሩዝ ወሩን ሙሉ በቃ። ገንዳው ጋ የሚሄደው ከረጢት በሳምንት አንድ ብቻ ሆነ፤ እሱም አይሸትም። እኔ እንኳ ብቻዬን የምኖረው ሰው መደርደሪያዬ ላይ ዳቦ ማሻገት ትቻለሁ። ይህን ሁሉ የምጽፈው ያነበበው ሁሉ ዛሬውኑ ጓዳውን እንዲከፍትና እንዲያይ ነው። የምንጥለው ምግብ ብዙ ጊዜ የተበላሸ አይደለም፤ ያልተጠየቀ ነው።

ሾፌሩ ከመንገድ ሲመለስ ሰው ስለመቅጠር ያሰበውን ሊናገር ተቀምጦ ነበር። ሚስቱ ቀደመችው። ጓዳው ባለቤት አለው፣ እኔም ከእሳቸው እየተማርኩ ነው አለችው። እሱ ግራ ገብቶት እናቱን አየ፤ እናቱ ሳህኑን ሞሉለትና «የትናንት ነው፤ ብላ» አሉት። በላ።

እኔ ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። ስለዚያች ልብስ አጣቢ ጓደኛቸው ማንም ደግሞ አላነሣም። ወር ያህል ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቴን ይዤ ወደ ገንዳው ስሄድ እማማ ትሪን ከፊቴ አየኋቸው። በእጃቸው እሽግ አለ፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ በሲባጎ ቁልቁልም አግድምም የታሰረ። ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ቀረ ብዬ ቆሜ አየኋቸው። እሳቸው ግን ገንዳውን አልፈው ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ መንገድ ላይ ጠበቅኳቸው። እሽጉ የለም፤ ባዶ ዕቃ ብቻ ይዘዋል። ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ጓደኛቸውን ቤቷ ድረስ ሄደው፣ ገና ከበር ሳይገቡ ሁሉንም አውጥተው እንደነገሯት፤ ውኃው እንዳልነበረ፣ ሩዙ እንደነበረ፣ ብርድ ልብሱ፣ ዝምታው። የውኃ ሠራተኛውንም አድራሻ ከእሷ እንደተቀበሉ፣ የሚመጣው ቅዳሜ የእሱ እንደሆነ።

«ምን አለችዎት?» አልኩ።

«በሩን እንደያዘች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ፣ ‹ለእኛ እንዲሞቅልን ብለሽ ነው የጠቀለልሽው?› አለችኝ። አዎ አልኳት። እሽጉን አየችውና ምንድን ነው አለች። ሾርባ ነው፣ ትናንት የተረፈ ነው፣ ካልፈለግሽ አልቀየምም አልኳት።»

እማማ ትሪ ባዶውን ዕቃ ወደ ሌላኛው እጃቸው አዛወሩት።

«ገብታ ሁለት ማንኪያ ይዛ መጣች» አሉ።